አምስት ይበቃሻል

ለንስሐ አባቴ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር አለ። አፍሬ ነው ብል እውነቱን ግማሹን ብቻ ተናገርኩ ማለት ነው። ሌላው ግማሽ፣ «ስለ ክር ነው እንዴ፣ ልጄ?» ብለው ፈገግ ይሉብኛል የሚል ፍርሃት ነው። እሳቸው ፈገግ ካሉ እኔም ፈገግ እላለሁ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እንዲያልቅልኝ ደግሞ አልፈልግም፤ ቢያንስ እንደዚያ በቀላሉ። ስለዚህ ለእናንተ እነግራችኋለሁ። እናንተ የመፍታት ሥልጣን የላችሁም፣ እኔም ፍቱኝ አልላችሁም።

ነገሩ በእርግጥ ስለ ክር ነው። ሹራብ በእጅ መሥራት የምትማር አንዲት ልጅ ስንት ጥቅል ክር ልግዛ ብላ ጠየቀችኝ፤ «አምስት ይበቃሻል» አልኳት፤ አልበቃትም። ነገሩ እዚህ ላይ ቆሞ ቢሆን ስሕተት ብቻ ነበር፣ ማንም ይሳሳታል። አልቆመም። እንዳይቆም ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ልጅቷ የጎረቤቴ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አገሯ መንዝ ነው። መንዝን የሚያውቅ ሰው ብርዱን ያውቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ ቦታዎች ያሉበት፣ ሰው የበግ ፀጉር አስፈትሎ ባና የሚያሠራበት አገር ነው። እዚያ ዐሥር ዓመት ገደማ የሆነው ታናሽ ወንድም ነበራት። እሑድ ከሰዓት፣ አሠሪዋ ስትለቃት፣ እኔ ዘንድ ትመጣና በረንዳው ላይ ከእግሬ ሥር ትቀመጣለች። ወንበር አቀርብላታለሁ፣ አትቀመጥበትም። እኔም ሁለተኛ አልለምናትም ነበር። ይህን አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

እጇ ፈጣን ነበር። አንድ ጊዜ ካየች ይበቃታል። እናቷ የበግ ፀጉር ስትፈትል እያየች ስላደገች ክር ለእሷ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ አዲስ የሆኑባት ሁለቱ መርፌዎች ብቻ ናቸው። ቀለበት መያዝ፣ መሳብ፣ መጣል፣ ረድፉ ሲያልቅ ማዞር፣ ይህን ሁሉ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ክሩን በጣቷ ላይ የምትጠመጥመው ልክ እንደ እኔ፣ በሌባ ጣት ላይ አንድ ጊዜ፣ በትንሿ ጣት ላይ ሁለት ጊዜ ነበር። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

አንድ እሑድ ለወንድሟ ሹራብ ልትሠራ እንዳሰበች ነገረችኝ። ደስ አለኝ። መርካቶ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት፣ ሄድንም። ጥቁር አረንጓዴ መረጠች፤ እኔም ቀለሙን ወደድኩትና ለራሴ ሰደርያ ልሠራበት አሰብኩ። ባለሱቁ «ስንት ላድርግ?» ሲል ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «አምስት ይበቃሻል» አልኳት፤ ወዲያው፣ ዓይኔን ከመደርደሪያው ሳላነሳ። ከቦርሳዋ በመሐረብ የቋጠረችውን ብር አወጣች። ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ለሰደርያዬ አምስት እንደሚያስፈልገኝ ቤት ሆኜ አስልቼ ነበር። «ስድስት አድርግልኝ» አልኩት።

እስቲ እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። ኃጢአቱ ያለው ኋላ በመጣው ውስጥ ብቻ አይመስለኝም።

መልሱ እንዴት እንደሚገኝ አውቅ ነበር። የሹራብ ክር በጥቅል ብዛት ብቻ አይለካም። 50 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ጥቅሎች አንዱ ወፍራም ክር ከሆነ 100 ሜትር ገደማ፣ ሌላው ቀጭን ከሆነ 200 ሜትር ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ጥቅሉን የከበበውን ወረቀት ማንበብ ነው፤ ግራሙም፣ ሜትሩም፣ የሚስማማው የመርፌ ቁጥርም እዚያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ አንድ ጥቅል ብቻ ገዝቶ ናሙና መሥራት፦ ዐሥር በዐሥር ሳንቲ ሜትር የሚወጣው ቁራጭ፣ ስንት ቀለበት እንደገባበት የሚቆጠር፣ ራሱም የሚመዘን። የቁራጩ ክብደት ከታወቀ የቀረው ሒሳብ ነው። የልጁን ደረት መጠየቅ ነበረብኝ፤ የክንዱን ርዝመትም እንዲሁ። በስልክ እናትሽን ጠይቂ ማለት ምን ይከብዳል? አልጠየቅኳትም። «አምስት» ያልኩት ልጄ ሰባት ዓመት ሲሆነው ከሠራሁለት ሹራብ ትዝታ ተነሥቼ ነው። ያ ደግሞ ሜዳ ሹራብ ነበር፣ ምንም ንድፍ የሌለው፤ የልጁም ቁመት ሌላ ነበር። አንገትጌውንም ከሌላ ሥራ በተረፈኝ ክር እንደጨረስኩት ትዝ ያለኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ወይም ትዝ እንዲለኝ የፈቀድኩት ብዙ ቆይቶ ነው።

ለራሴ ግን ስድስተኛውን ጨመርኩ። ሁልጊዜም የማደርገው ነው። ምክንያቱን ክር የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፦ ፋብሪካው ክሩን የሚያቀልመው በየዙሩ ነው፣ ከዙር ዙር ሙቀቱ ወይም የቆይታው ጊዜ ጥቂት ከተለየ ቀለሙም ይለያል። ስለዚህ ነው ወረቀቱ ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ የዙሩ ቁጥር የሚታተመው። ዛሬ የጎደለሽን ክር ከወር በኋላ ብትመለሺ ቀለሙን ታገኚው ይሆናል፣ ዙሩን ግን ላታገኚው ትችያለሽ። አንድ ትርፍ ጥቅል መግዛት ከዚህ ማምለጫ ነው። ይህን እያወቅሁ፣ አጠገቤ ቆማ እያየችኝ፣ ለእኔ ትርፍ ያዝኩ፤ ለእሷ ልኩን ነገርኩ፤ ልክ ያልሆነውን ልክ።

ለምን? ለብዙ ጊዜ ለራሴ የምሰጠው መልስ ገንዘቧ እንዳይባክን አዝኜላት ነው የሚል ነበር። ሐሰት ነው ማለት አልችልም፤ መሐረቡን ስትፈታ አይቻለሁ፣ አሳዝኖኛልም። ነገር ግን ያዘንኩላት ከሆነ «ናሙና ሠርተን እንወቅ፣ እስከዚያ አንድ ግዢ» ማለት ነበር ማዘን። ወጪውም የሚያንሰው ያኔ ነው። እንደዚያ ለማለት ግን በባለሱቁ ፊት «እኔ አሁን አላውቅም» ማለት ሊኖርብኝ ነው። «አንድ ጨምሪ» ማለትም ያው ነው፤ የሚጨምር ሰው እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ነው። ልጅቷ ወደ እኔ ስትዞር የዞረችበትን ዓይን ወድጄው ነበር። ለዚያ ዓይን የሚስማማው መልስ አጭር መሆን ነበረበት።

እናቴ ፈታይ ነበረች። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂቱን ታጠራቅማለች። ለአባቴ ጋቢ የሚሆነውን ፈትል ይዛ ሸማኔው ዘንድ ስትሄድ አብሬያት ሄጄ አውቃለሁ። ጋቢ አራት እጥፍ ነው፣ ለነጠላ የሚበቃው ማግ ለእሱ ኢምንት ነው። ሸማኔው ድሩን ከመዘርጋቱ በፊት ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ በመዳፉ ከፍ ዝቅ ያደርጋቸውና «ይጎድላል» ይላታል። እሷም «ስንት?» ትለዋለች። ይነግራታል፣ ተመልሳ ትፈትላለች። በዚህ ንግግር ውስጥ ያፈረ ሰው አልነበረም። ሸማኔው ሥራ ሊያመልጠው ይችል ነበር፤ እናቴም ጨርሻለሁ ብላ ነበር የመጣችው። ያም ሆኖ ጉድለቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይነገራል። ከዚያ ቤት ወጥቼ ነው እኔ «አምስት ይበቃሻል» ያልኩት።

ወደ ልጅቷ ልመለስ።

ጀርባውን ቶሎ ጨረሰችው። ንጹሕ ሥራ ነበር። ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝና ፊት ለፊቱ ላይ እንደ ሹሩባ የሚጎነጎነውን ንድፍ ላሳይሽ አልኳት። እሷ አልጠየቀችኝም። ይህ ንድፍ ቀለበቶቹን በሌላ መርፌ ላይ ለጊዜው እያሳለፉ የሚያጠላልፉት ነው፤ ያምራል፣ ያሞቃልም። ክር ግን ይበላል። ሲጠላለፍ ጨርቁን ወደ ውስጥ ስለሚሰበስበው ያንኑ ስፋት ለማግኘት ተጨማሪ ቀለበት መጀመር ያስፈልጋል። ይህንንም አስተምሬአታለሁ፤ «እዚህ ላይ ቀለበት ጨምሪ» ብዬ ቁጥሩን የነገርኳት እኔ ነኝ። ቀለበት ሲጨመር ክር እንደሚጨመር የማያውቅ የለም። አንድም ጊዜ ግን «ቆይ፣ ክርሽ ይበቃ ይሆን?» አላልኩም።

እዚህም ላይ ምክንያቴን ልመርምረው ብል ብዙ ሩቅ አያስኬደኝም። ጎረቤቶች ሲመጡ ሥራዋን እያነሣሁ አሳይ ነበር። «ተማሪዬ ናት» እል ነበር። ሹሩባው ለወንድሟ ነበር? ለእሱም ነበር፣ ይሞቀዋል። ይበልጡን ግን የእኔ ነበር።

አንደኛው እጅጌ አለቀ። ሁለተኛውን ስትጀምር የቀረውን ልቃቂት አየሁት፤ አንድ ሎሚ አክሏል። ያን ጊዜ ሚዛን ላይ ብናወጣው ኖሮ ነገሩ ይገባን ነበር፦ ያለቀውን እጅጌ መመዘን፣ የቀረውን ክር መመዘን፣ ማነጻጸር። እጅጌው 40 ግራም ከሆነና ክሩ 20 ከሆነ ሌላ ጥያቄ የለም። ከዚያም አስቀድሞ ሁለቱን እጅጌዎች ከሁለት ልቃቂት በአንድ መርፌ ላይ ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻል ነበር፤ ክር ቢያጥር ሁለቱም እኩል ያጥራሉ፣ ልጁም ክንዱ ጉርድ የሆነ ሹራብ ይለብሳል እንጂ አንዱ እጅጌው ከሌላው አይለይበትም። ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም፤ ሲጎድል የሚደረገውን ከነገርኳት ሊጎድል ይችላል ማለቴ ነዋ።

በሚቀጥለው እሑድ መጣች። እጅጌው ክርን ላይ ደርሷል፣ ከመርፌው የተንጠለጠለው ክር ከክንዴ አይረዝምም። አንድ ሜዳ ረድፍ እንኳ የጨርቁን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ክር ይወስዳል፤ የተረፈው አንድ ረድፍ ለመጨረስ ቢበቃ ነው። አንገትጌውም ገና አልተነካም።

«እትዬ፣ ክሩ አልበቃ አለኝ» አለች። ድምጿ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ጥፋቱን ከራሷ እየፈለገች እንደነበር ግን አይቻለሁ፤ ያቺን እጅጌ እያገላበጠች ነበር። እኔም ስትፈልግ አየኋትና አገኘሁላት። «እጅሽ ይላላል» አልኳት። «እጁ የሚላላ ሰው ክር ይጨርሳል።»

አንባቢዬ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ታስቦበት የመጣ አልነበረም። እንደዚህ ብዬ ራሴን ላድን ብዬ አላቀድኩም። ግን ደግሞ ድንገት ያመለጠኝም አይደለም፤ አፌ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሠራልኝ አውቄዋለሁ፣ ቀለል አለኝ። አንገቷን ደፋችና «አዎ፣ ይላላል መሰለኝ» አለች። ቀጥላም በፍርሃት፣ «ከእርስዎ የተረፈ ክር…» ብላ ጀመረችና ተወችው።

«የእኔም ገና አላለቀም፣ ምን እንደሚሆን አላውቅም» አልኳት።

ሰደርያዬ አላለቀም ነበር፣ እውነት ነው። ሆኖም የቀረኝ የክንዱ ጠርዝ ብቻ ነበር፣ ለዚያ ደግሞ አምስተኛው ጥቅል ተርፎ ይበቃዋል። ስድስተኛው ወረቀቱ እንኳ አልተላቀቀም። ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ መደርደሪያ የወጣ፣ የዙሩ ቁጥር ከእሷ ጋር አንድ የሆነ ጥቅል ነው። ሣጥኔ ውስጥ ነበር፤ እሷ ከተቀመጠችበት በረንዳ እስከ ሣጥኑ ስንት እርምጃ ነው? ያልዋሸሁበት ውሸት ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ከሌላው ይልቅ እሱ ያሳፍረኛል።

ያንን ጥቅል ለምን ከለከልኳት? ስስት ነው ብል ቀላል ነው፤ ስስት እንደነበረብኝም አልክድም። ግን ሌላም ነገር ነበር። ያንን ጥቅል ባወጣው ልክ የሚጎድላትን ይሞላ ነበር። ልክ ሲሞላ ደግሞ ሁለታችንም ፊት ለፊታችን እናየው ነበር፦ የጎደላት አንድ ጥቅል ብቻ ነው፣ እኔ ለራሴ የጨመርኩት ያ አንድ።

ልጅቷ ሥራውን ትታልኝ ሄደች፤ «እስኪ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» ብላ። ማታ ላይ ያለቀውን እጅጌ አነሣሁት። የእኔን ሰደርያ አጠገቡ ዘረጋሁና በሁለቱም ላይ ሜትር አሳረፍኩ። ለምን እንዳደረግሁት እርግጠኛ አይደለሁም፤ «እጅሽ ይላላል» ያልኩት እውነት ሆኖ እንዲገኝልኝ ፈልጌ ይመስለኛል። በዐሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ የእኔ ቀለበት 22 ነበር። የእሷን ቆጠርኩ፤ 22 ነው። ከታች ጀምሬ ቆጠርኩ፣ ከላይ ጀምሬ ቆጠርኩ። ረድፉንም ቆጠርኩ። ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ክሩን በጣቷ ላይ እንዴት እንደምትጠመጥም ያሳየኋት እኔ ነኝ። እጇ የእኔ እጅ ነበር።

ያን ጊዜ አወቅሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ «አላወቅሁም ነበር» ልል አልችልም።

ማወቄ ምን አደረገ? ምንም። በማግስቱ ሄጄ ልንገራት ብዬ አሰብኩ፤ አሠሪዋ ትሰማለች አልኩ። እሑድ ስትመጣ እነግራታለሁ አልኩ። እሑድ ስትመጣ ግን አዲስ ጥቅል ገዝታ ነው የመጣችው፤ ከሥራ መካከል አስፈቅዳ መርካቶ ብቻዋን ሄዳ። ያው ጥቁር አረንጓዴ፣ ያው ቁጥር፣ ዙሩ ሌላ። በእጅ ሲይዙት ልዩነቱ አይታይም። ጨርቁ ላይ ሲገባ ግን ከክርኑ በታች ውሃ የነካው ይመስላል። ይህንንም ማቃለል ይቻል ነበር፤ የተጀመረውን እጅጌ ፈትቶ አሮጌውንና አዲሱን ክር በየሁለት ረድፉ እያፈራረቁ መሥራት ድንበሩን ያጠፋዋል፤ አዲሱን ብቻውን ደግሞ ለአንገትጌውና ለእጅጌው ጫፍ፣ ላስቲክ መስሎ በሚሰበሰበው ጠርዝ ላይ ማዋል ነው፤ እዚያ ጨርቁ ራሱ ስለሚለወጥ ዓይን ቀለሙን አይከስሰውም። ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። ለእሷ ያልኳት «አይታይም፣ ቀጥዪ» ነው። መፍታትና ማፈራረቅ አብሬያት ብዙ እንድቀመጥ ያስገድደኛል፤ እኔ ደግሞ ያ ሹራብ ከዓይኔ ሥር እንዲጠፋልኝ ቸኩያለሁ።

ተልኮ ሄደ። ወንድሟ ለብሶት የተነሣውን ፎቶ አሳየችኝ። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንደኛውን እጁን ከጀርባው አድርጎታል። የትኛውን እጁን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ልጆች ፎቶ ሲነሡ እንዲሁ እጃቸውን ከኋላ ያደርጋሉ፣ ምናልባት እሱም እንደዚያው ነው።

ከዚያ ልጅቷ ሌላ ሰፈር ሥራ አገኘችና ሄደች። ደስ ብሎኝ ሸኘኋት፤ ደስታዬም ንጹሕ አልነበረም።

ነገሩ በዚህ አልቋል ብዬ ዓመታት ኖርኩ። ከዚያ በአንድ የጎረቤት ሠርግ ላይ ተገናኘን። አግብታለች፣ ወልዳለች። አቅፋ ሳመችኝና «እትዬ፣ እርስዎ ባስተማሩኝ ነው የምኖረው» አለችኝ። የልጆች ሹራብ እየሠራች ትሸጣለች። ልጇ የለበሰው የእሷ ሥራ ነበር፤ ዳሰስኩት። ቀለበቱ እኩል፣ ጠርዙ የቀና ነው። ግን ደረቀብኝ፣ ሲይዙት ካርቶን ካርቶን ይላል።

«ጠበቅ አድርገሽ ነው የምትሠሪው» አልኳት።

«አዎ» አለች እየሳቀች፣ «እጄ ይላላል ብለውኝ የለ? ወረቀቱ አራት ቁጥር መርፌ ካለ እኔ በሦስት ተኩል ነው የምሠራው፣ ክሩንም ስቤ እይዘዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ትቼው አላውቅም።»

መርፌ ሲያንስ ቀለበቱ ያንሳል፤ ቀለበቱ ሲያንስ ያንኑ ደረት ለመሙላት ብዙ ቀለበት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቀለበት ብዙ ክርና ብዙ ሰዓት ነው። ለገበያ በሠራችው እያንዳንዱ ሹራብ ላይ ጥቂት ጥቂት ክር፣ ጥቂት ጥቂት ሰዓት ያለ ምክንያት ከፍላለች። ክር እንዳትጨርስ ብላ የምታደርገው ነገር ክር ያስጨርሳታል። እኔ ከአንድ እሑድ ኀፍረት ለመውጣት የተናገርኩትን እሷ እንደ ትምህርት ይዛው፣ እጇን ለውጣበት ነበር።

እዚያው ልነግራት ይገባ ነበር። ያልኳትን ልንገራችሁ፦ «አሁንማ እጅሽ ጠንክሯል፣ ወደ አራት ቁጥር ብትመለሺም ግድ የለም።» አያችሁት? ምክሩ ትክክል ነው። የመጀመሪያውን ውሸት ግን አልነቀለውም፤ ደግፎ አቆመው እንጂ። ያኔ ይላላ ነበር፣ አሁን ጠነከረ። አስተማሪዋም ያኔም አሁንም ትክክል ናት።

ከሠርጉ መልስ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ነው፤ ተኝቻለሁ። ሲነጋ ግን ስልኩን አንሥቼ ደወልኩላት፤ ነገ ካልኩ ነገም እንደማልደውል ራሴን አውቀዋለሁ። በቅደም ተከተል ነገርኳት፦ ቁጥሩን ሳላሰላ እንደነገርኳት፣ ሹሩባው ክሩን እንደበላው፣ እጅጌውን እንደቆጠርኩና 22 እንዳገኘሁ፣ ሣጥን ውስጥ አንድ ጥቅል እንደነበረኝ። ስለ ጥቅሉ ስነግራት ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ማልቀስ ግን አልፈለግሁም፣ ካለቀስኩ የምታጽናናኝ እሷ ትሆናለች።

ዝም አለች። ከበስተጀርባዋ የሕፃን ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ «እንግዲያው እጄ ደኅና ነበር?» አለችኝ።

«ደኅና ነበር።»

«በአራት ቁጥር ልሥራ?»

«በአራት ሥሪ። ናሙና ሠርተሽ ቁጠሪው፣ እኔ ስላልኩሽ ብለሽ አይደለም።»

«እሺ» አለች። ስለ ጥቅሉ ምንም አላለችም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋት፤ ልጇ ተነሥቷል ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ በበዓል እንደዋወላለን። ድምጿ እንደ ድሮው ነው ለማለት ይቃጣኛል፤ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ «እርስዎ» ማለቷን ባትተውም ነገር ስጠይቃት ቶሎ አትመልስም። ትክክል ናት።

ይህን ሁሉ በአደባባይ የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ልጅቷ ብቻዋን አይደለችም። በእኔ በረንዳ ብዙ ሴቶች አልፈዋል፤ «እትዬ ስንት ልግዛ?» ያላለችኝ የለችም። ለሁሉም ያንኑ መለስኩ፦ ለጨቅላ ሁለት፣ ለልጅ አምስት፣ ለትልቅ ሰው ዘጠኝ። እነሱም ለእኅቶቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው አስተላልፈውት ይሆናል፤ ቁጥር አጭር ስለሆነ ቶሎ ይዛመታል። ስለዚህ ይህን ቁጥር ከእኔም ሆነ «እትዬ እንዳሉት» ከሚል ሰው የሰማችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ያልተለካ ቁጥር ነው። አንድ ጥቅል ገዝታችሁ ናሙና ሥሩ፣ መዝኑ፣ አስሉ፣ ንድፍ ከለወጣችሁም እንደገና አስሉ፣ ከዚያ ከአንድ ዙር የተቀለመውን በአንድ ጊዜ ግዙ፣ አንድም ጨምሩበት። በእኔ ቁጥር ሠርታችሁ እጅጌ ላይ ክር ካለቀባችሁ ደግሞ ጥፋቱን እጃችሁ ላይ አትፈልጉ፤ የጎደለው ከእኔ ነው።